እንጀራውን ማን ጋገረው?

በምሕንድስናና በሳይንስ ክፍሎቻችን የሴቶቹን ቁጥር ማነስ ያየ ሁሉ «ሒሳብ ይከብዳቸዋል» ብሎ ያልፋል። እኛ ግን ምክንያቱን የምናውቀው ከገዛ ቤታችን ነው።

ከገጠር ጎጃም የመጣን ብዙዎቻችን ሁለተኛ ደረጃን የተማርነው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከእኅታችን ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን ነው። ከቤት የመጣው ስንቅ ሲያልቅ ሊጥ የምታቦካው፣ ውሃ የምትቀዳው፣ ጭስ የምትታጠነው እርስዋ ነበረች። በዚያው ሰዓት እኛ ፊዚክስ እንሠራ ነበር። በማግሥቱ ፈተናው ለሁለታችንም እኩል ቀረበ! ለሴቶች የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ዝቅ በተደረገ ጊዜ ደግሞ «አድልዎ ነው» ብለን የጮኽነው እኛው ነን፤ የበላነውን እንጀራ የቆጠረ የለም።

ጎጃም ሴት ሳይንቲስት አታፈራም የሚል ቢኖር ፍኖተ ሰላምን ይጠይቅ። በዚያ የተወለዱት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ያደጉት ልጃገረድ ገና በልጅነትዋ በምትዳርበት ዘመን ነው። ሆኖም የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል በዋና ዳይሬክተርነት መምራት ጀመሩ፤ በ2014 የሎሬያልና የዩኔስኮን ሽልማት ተቀበሉ።

ዛሬ የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል። መልካም ነው፤ ማታ ማታ ምጣድ ላይ የሚያልፈውን ሰዓት ግን ሕግ አይመልሰውም። ስለዚህ ማኅበራችን በከተማው ቤት ተከራይተው ለሚማሩ ልጃገረዶች የማታ ማጥኛ ክፍል እንዲሰጥ ለአስተዳደሩ ያመልክት። የሚያስጠና ከጠፋ እኛ አለን። ወንድሞቻቸውም መጋገር ይልመዱ።