ሳይቃጠል በቅጠል

ፖለቲከኞች ነፍጥ ካነሡ ቡድኖች ጋር ቁጭ ብለው መነጋገር ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም? ይህ ጥያቄ ሰሞኑን በምግብ አዳራሹም በመኝታ ክፍሉም መከራከሪያችን ሆኖ ሰንብቷል። አንዳንዶቻችን «ከገዳይ ጋር ምን ንግግር አለ?» ብለን ተቆጥተናል፤ ሌሎቻችን ደግሞ «ታዲያ ከማን ጋር ይታረቁ? የሚታረቅ የተጣላ አይደለም እንዴ?» እያልን ተሟግተናል። ክርክሩ በጩኸት ከሚያልቅ በጽሑፍ ቢቀርብ ይሻላል ያልን ጥቂት ዕጩ መምህራን ሐሳባችንን በዚህ ግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለማስፈር ተስማምተናል።

ጉዳዩ የፖለቲከኞች ብቻ ነው፣ እኛን አይመለከትም የሚል ሰልጣኝ ካለ በእርግጥ ተሳስቷል። ነገ ተመርቀን የምደባ ደብዳቤ ስንቀበል የምንሄድበት ወረዳ ሰላም ይሁን አይሁን መራጮቹ እኛ አይደለንም። ከመካከላችን ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በስንት መከራ የጨረሰ አለ። የሚሊሻ ልጅና ጫካ የገባ ሰው ልጅ ባንድ ዴስክ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው «ቲቸር» እያሉ የሚጠይቁን ቀን ሩቅ አይደለም። እንግዲህ ነገሩ የኛም ነው።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። መነጋገር ይገባል ባይ ነን። ይህን የምንለው የታጠቀ ሁሉ እውነት አለው፣ ወይም መንግሥት ሁሉ ጥፋተኛ ነው ብለን አይደለም። አብዛኛው ጦርነት ዞሮ ዞሮ ጠረጴዛ ላይ እንደሚያልቅ ስላየን ነው። መጨረሻው ጠረጴዛ ከሆነ ደግሞ፣ ዘግይቶ የሚቀመጥ ፖለቲከኛ የመዘግየቱን ዕዳ የሚያስከፍለው በሌላ ሰው ልጅ ነው። ለዚህም ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ የገዛ አገራችን ታሪክ ይበቃል።

በ1966 ዓ.ም. መጨረሻና በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጄኔራል አማን አንዶም ኤርትራ ድረስ ሄደው ሕዝቡን አነጋግረው ነበር። የኤርትራ ጉዳይ ተጨማሪ ጦር በመላክ ሳይሆን በሰላም ይፈታ የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ከደርግ ጋር ካጋጯቸው ነገሮች አንዱም ይኸው ነበር፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ተገደሉ። በግንቦት 1968 ዓ.ም. ደግሞ ዘጠኝ ነጥብ ያለው የኤርትራ ሰላማዊ መፍትሔ ፖሊሲ ታወጀ። የሚያሳዝነው ግን በዚያው ሰሞን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ገበሬ ወደ ኤርትራ ለመዝመት እየተሰበሰበ ነበር። በአንድ እጅ የሰላም ወረቀት፣ በሌላ እጅ የዘመቻ ጥሪ! በዚህ ዓይነት የቀረበን ወረቀት ማን ያምነዋል?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታላላቆቻችን በሚገባ ያውቁታል። መጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍአበት ላይ፣ የካቲት 1981 ዓ.ም. ሽሬ ላይ የመንግሥት ጦር ከባድ ሽንፈት ደረሰበት። መንግሥት ከሻዕቢያ ጋር በይፋ ለመነጋገር አትላንታ የሄደው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1981 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር አገናኟቸው፤ በኅዳር 1982 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ቀጠሉ፤ ፍሬ አላገኙም። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ለንደን ተባለ። ግንቦት 13 ቀን ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ለቀው ወጡ፤ ግንቦት 20 ቀን የኢሕአዴግ ጦር አዲስ አበባ ገባ። በጠቅላይ ሚኒስትር ተስፋዬ ዲንቃ የተመራው የመንግሥት ልዑክ ለንደን ተቀምጦ ሳለ የሚደራደርበት ነገር ሁሉ ከእጁ ወጥቶ ነበር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይኼ ነው። በ1967 ዓ.ም. በሙሉ ጉልበት ሊነገር ይችል የነበረው ቃል ከ16 ዓመት በኋላ የሚሰማው አጣ። በመካከሉ ያለቀውን ወጣት ግን ማን ይመልሰዋል? አብዛኛውኮ በኛ ዕድሜ የነበረ ነው።

ይህ የድሮ ታሪክ ነው ለሚል ሰው የቅርቡን እናስታውሰው። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ሕወሓትንና «ሸኔ» የተባለውን ቡድን በአሸባሪነት ፈረጀ። በወዲያኛው በኩልም መንግሥትን «ፋሺስት» ማለት የዕለት ቋንቋ ነበር። በዚያ ወራት «ይነጋገሩ» ያለ ሰው በሁለቱም ወገን በከሃዲነት ነበር የሚታየው። ቀጥሎ ምን ሆነ? ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች ፕሪቶሪያ ላይ በአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪነት ተፈራረሙ። ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ፣ ኡሁሩ ኬንያታና ፉምዚሌ ምላምቦ ንግኩካ በመካከላቸው ነበሩ። መጋቢት 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ ሕወሓትን ከአሸባሪነት መዝገብ ሰረዘ። ስያሜው ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም!

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ነገር አለ። ከመጋቢት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. እስከ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ድረስ፣ አምስት ወር ያህል፣ ለሰብዓዊ እርዳታ ሲባል ተኩስ ቆሞ ነበር። በነዚያ አምስት ወራት ፊት ለፊት ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ የመጨረሻው ዙር ውጊያ ባልኖረም ነበር። እሱም እጅግ የከፋ ደም የፈሰሰበት ዙር ነበር። ጦርነቱ በጠቅላላው በመቶ ሺዎች የሚገመት ሰው በልቷል። በጥቅምት ወር የተፈረመው ወረቀት በሰኔ ወር ቢፈረም ቀለሙ ያው ቀለም ነበር፤ የሟቹ ቁጥር ግን ያው አይሆንም ነበር።

ንግግሩ ያመጣውን ደግሞ እንይ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. አውሮፕላን መቀሌ ገባ፤ ስልክ ተከፈተ፤ ወላጅና ልጅ ድምፅ ለድምፅ ተሰማሙ። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት የተዘጋው፣ ኋላም ጦርነት የተጨመረበት የትግራይ ትምህርት ቤት ከሦስት ዓመት በኋላ በሩን መክፈት ጀመረ። በሰባት ዓመቱ ፊደል ሊቆጥር የነበረ ልጅ በአሥር ዓመቱ «ሀ» አለ ማለት ነው። ይህን ልጅ የሚያስተምረው መምህር ምን ዓይነት ችግር እንደሚገጥመው በሥነ ትምህርት የምንማር ሁሉ እናውቃለን።

ሐቁን ለመናገር ስምምነቱ ሁሉን ነገር አልፈታም። ከፊርማው በኋላም ብዙ ተፈናቃይ ወደ ቀየው ሳይመለስ በመጠለያ ከርሟል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ከፋኖ ታጣቂዎች ጋር ሌላ ውጊያ ተነሣ፤ እዚያም ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ጋር በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. እና በኅዳር 2016 ዓ.ም. ታንዛኒያ ላይ ሁለት ጊዜ የተደረገው ንግግርም ያለ ስምምነት ተበተነ። እንግዲህ ንግግር ሁሉ ይሳካል አንልም። ያልተሳካ ንግግር ግን ለሚቀጥለው ንግግር መንገድ ይጠርጋል፤ ያልተሳካ ጦርነት የሚጠርገው ቤት ነው።

የሚቃወሙንን ወገኖች ክርክር ንቀን አናልፍም፤ ክብደት ያለው ክርክር ነውና። አንደኛው «ከታጠቀ ጋር መነጋገር ለጠመንጃ ሽልማት መስጠት ነው፤ ነገ ሌላውም ለመሰማት ሲል ጫካ ይገባል» የሚል ነው። ይህ እውነት የሚሆንበት ሁኔታ አለ። ባዶ እጁን ደጅ የሚጠናውን፣ በማመልከቻ የሚጠይቀውን፣ በጋዜጣ የሚጽፈውን ሰው ዘግቶበት የከረመ ባለሥልጣን፣ ያ ሰው ጠመንጃ ሲያነሣ ብቻ ወንበር ከሳበለት በእርግጥም ለጠመንጃ ሸለመ። መድኃኒቱ ግን የታጠቀውን አለመስማት አይደለም፤ ያልታጠቀውን አስቀድሞ መስማት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ክርክር «የታጠቀ ቃሉን አይጠብቅም፤ ተኩስ አቁም የሚለው ጥይት ለመሙላት ነው» ይላል። ለዚህ የሰሜን አየርላንድን ነገር ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1972 የእንግሊዝ መንግሥት ሚኒስትር ዊሊያም ዋይትሎው ለንደን ላይ ከአይ.አር.ኤ. መሪዎች ጋር በምስጢር ተገናኙ፤ አልተስማሙም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አይ.አር.ኤ. በአንድ ቀን ቤልፋስትን በቦምብ አናወጣት፤ ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። «አላልናችሁም?» ያለ ብዙ ነበር። ከዚያም ለብዙ ዓመት ከአሸባሪ ጋር አንነጋገርም የሚል አቋም በአደባባይ ይነገር ጀመር። በጓዳ ግን መልእክተኛው አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1993 ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀር ከነጄሪ አዳምስ ጋር መቀመጥ ሆዳቸውን እንደሚያገላብጠው በፓርላማ ተናገሩ፤ ወሩ ሳያልቅ መንግሥታቸው ከአይ.አር.ኤ. ጋር በምስጢር ሲላላክ እንደ ነበር ጋዜጣ አወጣው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 10 ቀን 1998 ስምምነቱ ሲፈረም ጦርነቱ ከ3,500 በላይ ሰው በልቶ ነበር።

ታዲያ በኋላ ሲሳካ እንዴት ተሳካ? በየዋህነት አልነበረም። የአይ.አር.ኤ. የፖለቲካ ክንፍ የሆነው ሺን ፌን ወደ ጉባኤው የገባው አይ.አር.ኤ. እ.ኤ.አ. በ1997 ተኩስ ካቆመ በኋላ ነው። የጦር መሣሪያውን ነገር የሚከታተል ገለልተኛ ኮሚሽን ነበር፤ ያም ሥራ እስከ 2005 ድረስ ጊዜ ወስዷል። ጠመንጃ ያልያዙ ሴቶች ያቋቋሙት ፓርቲም በጠረጴዛው ዙሪያ ወንበር ነበረው። ስምምነቱ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ በሰሜን አየርላንድ ከ100 መራጭ 71ዱ «ይሁን» አለ። መነጋገር ማለት ማመን ማለት አይደለም፤ የማይተማመኑ ሰዎች ናቸው ውል የሚያስፈልጋቸው።

ሦስተኛው ነገር ቃል መጠበቅ ነው፤ ይህ የታጣቂው ብቻ ግዴታ አይደለም። የካቲት 19 ቀን 1964 ዓ.ም. የሱዳን መንግሥትና የደቡቡ አማፅያን በዋና ከተማችን በአዲስ አበባ ላይ ተፈራርመው 17 ዓመት ያህል የቆየውን ጦርነት አቆሙ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በማስታረቁ ረድተዋል። 11 ዓመት ሰላም ሆነ። በ1975 ዓ.ም. ግን ፕሬዚዳንት ኒሜሪ የተፈረመውን ጥሰው ደቡቡን በሦስት ከፋፈሉ፤ የሸሪዓ ሕግም አወጁ። ጦርነቱ እንደገና ነደደ፤ እስከ ጥር 1997 ዓ.ም. ድረስ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳለቀበት ይገመታል። እዚያ ውል ያፈረሰው ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ነው። ስለዚህ «ታጣቂ አይታመንም» የሚል ሁሉ ፈራሚዎቹ ሁለት መሆናቸውን አይርሳ።

ደግሞስ ይህ ለኛ አገር ሰው አዲስ ነገር ነው እንዴ? ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቅ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን ሁለቱን ፊት ለፊት አያፋጥጥም፤ ከዚህ ቤት ወደዚያ ቤት ይመላለሳል፣ ቁጣውን ያበርዳል፣ ጥፋቱን ያጣራል። የገደለ አልገደለም አይባልም፤ ካሣ ይቆረጣል፣ ይክሳል። እርቅ ያለ ካሣ ደረቅ እንጀራ ነው። ስለዚህ ፖለቲከኞቻችን ሲቀመጡ የተገደለበትን፣ የተደፈረችውን፣ ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው ረስተው ወንበር ብቻ ተካፍለው ከተነሡ፣ ያ ንግግር እኛ የምንደግፈው ንግግር አይደለም።

በጠቅላላው የምንለው ይህ ነው። ፖለቲከኞች በጊዜ ይነጋገሩ፤ ጠመንጃ ያላነሣውን አስቀድመው ይስሙ፤ ተበዳዩን ከጠረጴዛው አያርቁ፤ የፈረሙትን ይጠብቁ። ከታጣቂዎችም በኩል ያው ይጠበቃል። የተማሪ መማሪያ ክፍል ምሽግ አይደለም፤ መምህርም ምርኮኛ አይደለም።

እኛ ሚኒስትር አይደለንም፤ ማንንም አናስፈርምም። በክፍላችን ግን ሥልጣን አለን። ከፊታችን የተቀመጠውን ልጅ «የእንትና ልጅ» ብለን በአባቱ ስም ካልፈረጅነው፣ ሁለቱ ተማሪዎች ሲጣሉ ዱላ ሳናነሣ ግራ ቀኙን ከሰማን፣ ነገ መነጋገርን እንደ ሽንፈት የማይቆጥር ሰው አሳደግን ማለት ነው። ይህንም ቢሆን እንደ ትንሽ ሥራ አናየውም።

መምህራኖቻችንም ሆናችሁ ሰልጣኝ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚህ የማትስማሙ እንዳላችሁ እናውቃለን። በተለይ ጦርነቱ ዘመድ የነጠቃችሁ፣ ከኛ የበለጠ የምትናገሩት አላችሁ። ከዚህ ጽሑፍ ጎን ባዶ ቦታ ትተናል፤ መልሳችሁን ጽፋችሁ ለጥፉበት።