መድፉና ራስ ቅሉ

ስለ ጃፓን ሲነሣ የሚሰማው ያው ስለ ፋብሪካና ስለ ሕገ መንግሥት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን አይተው ከመጡ ወዲህ ብዙ ተጽፏል። እኛ ግን ስለ አንዲት ቁራጭ የዝሆን ጥርስ መናገር እንወዳለን።

የጃፓን ኪሞኖ እንደ ኮት ኪስ የለውም። ስለዚህ ሰው የትንባሆ ከረጢቱን ወይም የመድኃኒት ሙዳዩን በገመድ ከመቀነቱ ላይ ያንጠለጥል ነበር። ገመዱ እንዳያመልጥ የሚይዘው ኔትስኬ የተባለው፣ ከዝሆን ጥርስ ወይም ከእንጨት የተፈለፈለ፣ በጭብጥ የሚያዝ ቅርጽ ነው። አንዳንዱ እባብ የተጠመጠመበት የሰው ራስ ቅል ነው። ባለቤቱ ትንባሆ በፈለገ ቁጥር ሞቱን ይዳስሳል ማለት ነው! ቀልድ ይመስላል፤ ቀልድም አለበት።

በእኛም ዘንድ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ሥዕለ ስቅለትን ልብ ብሎ ያየ ከመስቀሉ ግርጌ የአዳምን ራስ ቅል ያገኛል። ከማርትሬዛ ብር ቀልጦ የተሠራው የአንገት መስቀልም ያንኑ ስቅለት ያሳስባል።

ልዩነቱ ስም ላይ ነው። ብዙ ጃፓናዊ ጠራቢ ስሙን ከሥራው ላይ ቀርጿል፤ የኪዮቶው ቶሞታዳ እስከ ዛሬ በስሙ ይታወቃል። የእኛ ባለ እጅ ግን ስሙ ቀርቶ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» ተባለ። የሠራውን መስቀል ተሳልመን ከማዕዱ ሸሸን። ይህ ነውር የአያቶቻችን ብቻ ነው ብለን እንዳናመልጥ እንፈራለን።

ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችውን ጋፋትን እንመልከት። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚያ ነው። ቫልድማየርን፣ ሳልሙለርንና ሞሪትዝ ሆልን ታሪክ በስም ያነሣቸዋል። ከሰል ያከሰለው፣ ወናፍ የነፋው፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን መድፍ በገደል እየጎተተ መቅደላ ያደረሰው ወገናችን ግን «ሕዝቡ» ብቻ ተብሎ ቀርቷል። ንጉሡ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ሞቱ፤ በዚያው ዓመት በጃፓን የሜይጂ መንግሥት ተነሣ። መድፉ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ተጋድሟል፤ ከዚያ ከዝሆን ጥርስ ራስ ቅል ይልቅ እርሱ ሞትን ያስታውሰናል።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደ ደብረ ታቦርም ሆነ ወደየአገራችን ስንሄድ፣ አንጥረኛውንና ቀጥቃጩን ቁጭ ብለን እንጠይቅ፦ ስምዎ ማን ነው? የአባትዎስ? ሙያውን ማን አስተማርዎ? ፈቃዳቸው ከሆነ መልሱን ጽፈን ለዚህ መጽሔት እናምጣ፤ ገጽ አይጠፋም።