በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል፤ ያረጀውስ?

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በመጽሐፍ ያለው ነገር ጊዜ ያለፈበት በሚሆንበት ጊዜም እኩል እንደሚወረስ ልብ ማለት ያስፈልጋል። በቤተ ሙከራ ውስጥ መሣሪያው ተለውጦ መመሪያው ሳይለወጥ ከቀረ፣ ተማሪው መመሪያውን በታማኝነት በመከተሉ ብቻ የተሳሳተ ውጤት ላይ ይደርሳል። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጉዳይ በአንድ ብዙም ትኩረት ባልተሰጠው መስክ፣ ማለትም ኮምፒውተርን በሚያስመስሉ ሶፍትዌሮች ውስጥ ባሉ ምናባዊ ዲስኮች ሰነድ ላይ ልንመለከተው እንወዳለን።

አስመሳይ ሶፍትዌር ወይም ኢሙሌተር የምንለው በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ሙሉ ኮምፒውተር እንዳለ አድርጎ የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። ከእነዚህ መካከል ስሙ የታወቀው፣ ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላርድ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ኪው-ኢሚዩ ነው። እውነተኛው ማሽን «አስተናጋጅ»፣ በውስጡ የሚሠራው ደግሞ «እንግዳ» ይባላል። እንግዳው ዲስክ ያለው ይመስለዋል፤ ዲስኩ ግን ብዙውን ጊዜ በአስተናጋጁ ላይ የተቀመጠ አንድ ፋይል ነው። እንግዳው 20 ጊጋባይት ዲስክ ተሰጥቶኛል ብሎ ሲያምን፣ «ኪውካው-2» በተሰኘው ቅርጽ የተቀመጠው ፋይል ገና ብዙ ስላልተጻፈበት ከዚያ እጅግ ያነሰ ቦታ ሊይዝ ይችላል።

እውነተኛ ዲስክ አካል አለው። መጠኑ በላዩ ላይ ተጽፏል፤ ገመዱም ከየት ወዴት እንደሚሄድ በዓይን ይታያል። ምናባዊ ዲስክ ግን ይህ ሁሉ የለውም። ምን እንደሆነና ምን እንደሚያደርግ ለተጠቃሚው የሚነግረው ሰነዱ ነው። ስለዚህ ሰነዱ ሲያረጅ ዲስኩን በትክክል የሚያይበት ዓይን ይጠፋዋል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ለምሳሌ ያህል ምናባዊ ዲስክ ሁለት ክፍሎች እንዳሉት እናስተውል። አንደኛው እንግዳው የሚያየው መሣሪያ ነው፤ ሁለተኛው መረጃው በእርግጥ የሚቀመጥበት የአስተናጋጁ ማከማቻ ነው። የቀድሞዎቹ አጫጭር ትእዛዞች፣ እንደ «ኤችዲኤ» ያሉት፣ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለው ያቀርቡ ነበር። ከጊዜ በኋላ ሁለቱ እየተለያዩ መጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ማከማቻውን ብቻ የሚገልጸው «ብሎክዴቭ» የተሰኘው ትእዛዝ ለአገልግሎት በቃ። በ2018 ደግሞ የዲስክን ሲሊንደርና ራስ ቁጥር በማከማቻው ትእዛዝ ላይ መጻፍ ቀረ፤ ምክንያቱም ይህ የመሣሪያው እንጂ የማከማቻው ጠባይ አይደለም። አሮጌውን መመሪያ የያዘ ተማሪ ዛሬ ያንን መስመር ሲጽፍ ማሽኑ አልነሣም ይለዋል። ይህ ግን ቀላሉ ጉዳት ነው፤ ቢያንስ ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃልና።

የከፋው በዝምታ የሚያልፈው ነው። እንግዳው መረጃ ሲጽፍ መረጃው ወዲያው ወደ ቋሚ ማከማቻ ይደርሳል ወይስ በአስተናጋጁ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ለጊዜው ይቆያል? በቀድሞዎቹ ዓመታት ተጠቃሚው ምንም ካልመረጠ የሚሠራው ወዲያው የሚያደርሰው «ራይትስሩ» ነበር፤ ዛሬ ግን ለጊዜው የሚያቆየው «ራይትባክ» ነው። በራይትባክ እንግዳው «አሁን በቋሚነት ይቀመጥልኝ» ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው ይፈጸማል። «አንሴፍ» በተባለው ምርጫ ግን ይህ ጥያቄ ችላ ይባላል። ፍጥነት ስለሚጨምር ቢጠፋ እንደገና ሊሠራ ለሚችል ጊዜያዊ ሥራ ይጠቅማል። «ለፍጥነት ይህን ጻፍ» ብሎ ምክንያቱን ያልገለጸ ማስታወሻ፣ መብራት ሳይታሰብ በሚጠፋበት እንደ እኛ ባለ አገር የአንድ ወር የስሌት ውጤትን ሊያሳጣ ይችላል።

ሌላም አለ። «ጥሬ» የሚባለው የዲስክ ፋይል ስለ ራሱ የሚናገር መግቢያ የለውም፤ የመጀመሪያዎቹን ባይቶች የሚጽፈው እንግዳው ራሱ ነው። ተጠቃሚው የፋይሉን ቅርጽ ሳይገልጽ ከተወ ሶፍትዌሩ እነዚህን ባይቶች አይቶ ይገምታል። ተንኮለኛ እንግዳ ታዲያ በዚያ ቦታ ላይ የኪውካው-2 መግቢያ አስመስሎ ጽፎ፣ መሠረቴ ነው ብሎ የአስተናጋጁን አንድ ፋይል ሊጠቅስ ይችላል። በሚቀጥለው ጊዜ ግምቱ ከተሳካለት የአስተናጋጁን ምስጢር ያነባል። በዚህ ምክንያት ሶፍትዌሩ ዛሬ ያስጠነቅቃል፤ በመጀመሪያው ክፍል ላይ መጻፍንም ይገድባል። መድኃኒቱ ቅርጹን በአንድ ቃል መግለጽ ነው። ነገር ግን ይህችን ቃል የዘለለ አሮጌ ምሳሌ እስካለ ድረስ፣ ያልተብራራ ማስጠንቀቂያን አይቶ የሚያልፍ ተማሪም ይኖራል።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2015 ይፋ የሆነው «ቬኖም» የተሰኘው የደኅንነት ጉድለትም የሚያስተምረን አለ። ጉድለቱ በምናባዊው የፍሎፒ ዲስክ ተቆጣጣሪ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ ተሰውሮ የኖረ ነበር። ፍሎፒን ማንም ባልጠየቀበት ማሽን ውስጥ እንኳ ተቆጣጣሪው አብሮ ይመጣ ነበር። ሰነድ ብቻውን ጉድለቱን ባላስወገደው ነበር። ሆኖም በማሽኑ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ያልተነገረው ሰው «ይህ ለምን ተቀመጠ?» ብሎ ሊጠይቅ አይችልም።

«ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያንብበው» የሚሉ አሉ። አንስማማም። ኮድ ሶፍትዌሩ የሚያደርገውን ይናገራል፤ ሊያደርግ ቃል የገባውን ግን አይናገርም። ሁለቱ መለያየታቸውን ለማወቅ፣ ማለትም ስሕተትን ስሕተት ብሎ ለመጥራት፣ ሁለተኛው በጽሑፍ መኖር አለበት። «እንግዲያው ገንቢዎቹ ይጻፉት» የሚለውም በቂ መልስ አይደለም። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ለጀማሪ ምን እንደሚጨልምበት ለማየት ይቸግረዋል፤ እያንዳንዱን መስመር እየሞከረ የሚሄደው ተማሪ ግን የት እንደተሰናከለ በሚገባ ያውቃል።

ስለዚህ ሰነድ ማደስን እንደ ትርፍ ሥራ መቁጠር እንድናቆም እንጠይቃለን። አንድ ተማሪ አንድ የመመሪያ አንቀጽ ወስዶ፣ በአዲሱ እትም ላይ ፈትኖ፣ ያረጀውን አርሞ፣ ምክንያቱን ጽፎ ለገንቢዎቹ ቢልክ፣ መላምትን በሙከራ ፈትኗልና ሥራው ሳይንስ ነው። የትምህርት ክፍሎቻችንም ለዚህ ነጥብ ሊሰጡ ይገባል። የራሳችንን የቤተ ሙከራ ማስታወሻዎች ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የሶፍትዌሩን እትም ቁጥር፣ ሙሉውን ትእዛዝ፣ የዲስኩን ቅርጽና የተጻፈበትን ቀን የያዙ እናድርጋቸው። የሚቀጥለው ተማሪ የምንጽፈውን መውረሱ አይቀርም፤ ታዲያ የሚሠራ ነገር እናውርሰው።