ወደ ሌይዝ ሄዶ መመለስ የማን ሥራ ነው?

በተማሪዎች መኖሪያ ውስጥ አንድ ክርክር ከተነሣ ሰንብቷል። ክርክሩ በቃል ሲመላለስ ቆይቶ አሁን በግድግዳ ላይ ወደ ተለጠፈ ማስታወቂያ ስለ ደረሰ፣ እኛም ያለንን አሳብ በዚህ መጽሔት ለአንባቢያን ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ማስታወቂያው የአንድ ክበብ ነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ አባሎቹ ራሳቸውን ያውቃሉ። የሚለውም በአጭሩ፣ በክበቡ ክፍል ባለው ኮምፒዩተር የጠፈር በረራ ሲሙሌተር መጠቀም የሚችሉት የተፈጥሮ ሳይንስና የምሕንድስና ተማሪዎች ብቻ ናቸው የሚል ነው። ምክንያቱን ለጠየቀ ሰው የተሰጠው መልስ «ለእነርሱ ትምህርት ነው፤ ለእናንተ ግን ጨዋታ ነው» የሚል ሆኗል።

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች የሆንን አምስት ጓደኛሞች ከጥቂት ወራት ወዲህ በዚሁ ሲሙሌተር አንዲት የጠፈር አውሮፕላን ሠርተን፣ «ጭላት» ብለን ስም አውጥተንላት፣ ሌይዝ ወደምትባል ሩቅ ጨረቃ አድርሰናታል። ማስታወቂያው የተለጠፈው ጭላት ሌይዝ ላይ ባረፈች በሳምንቱ ነው። ስለዚህ ነገሩ በቀጥታ ይመለከተናል፤ የተናደደ ሰው ጽሑፍ ነው የሚለን ቢኖር አንከራከረውም።

ነገሩን ለማያውቁት ጥቂት እንግለጥ። ሲሙሌተሩ ከርባል ስፔስ ፕሮግራም ይባላል። ለሕዝብ መጀመሪያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን ተጠናቆ የወጣው በ2015 ነው። የተሠራው በሂውስተን ወይም በሞስኮ አይደለም፤ በሜክሲኮ ከተማ ስኳድ በሚባል የማስታወቂያ ሥራ ድርጅት ውስጥ ነው፤ አሳቡን ያፈለቀውም ፌሊፔ ፋላንጌ የተባለ የድርጅቱ ሠራተኛ ነው። (ይህችን ነገር የክበቡ ሰዎች ቢያስቡባት ደስ ይለናል።) በውስጡ ያለው ዓለም ልብ ወለድ ነው። መነሻዋ ፕላኔት ከርቢን ትባላለች፤ አረንጓዴ ቆዳ ያላቸው፣ ዐይናቸው የፈጠጠ ትናንሽ ፍጡራን ይኖሩባታል። ከእርስዋ እጅግ ርቆ ጁል የሚባል፣ እንደ ጁፒተር ያለ ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት አለ፤ አምስት ጨረቃዎች ይዞሩታል፤ ሌይዝ ከአምስቱ ለጁል የምትቀርበው ናት። ፍጡራኑ ልብ ወለድ ይሁኑ እንጂ የሚገዙበት ሕግ ልብ ወለድ አይደለም። መንኰራኵራቸው የሚዞረው ኬፕለር እንዳለው ነው፤ የሚወድቀውም ኒውተን እንዳለው ነው።

«ጨዋታ ነው» ስለ ተባለው ነገር፣ ሲሙሌተር ለአገራችን እንግዳ ዕቃ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪ መንገደኛ ከመጫኑ በፊት ምድር ሳይለቅ በሲሙሌተር ውስጥ ተቀምጦ ሞተር ሲጠፋበትና ማዕበል ሲመታው ይለማመዳል። ያን አብራሪ «ሥራ ፈትተህ ትጫወታለህ» የሚለው ሰው አላየንም። እርግጥ ነው፣ የአብራሪው ሲሙሌተር ዋጋው ውድ ነው፤ ወንበሩም ይነቃነቃል። ልዩነቱ በወንበሩ መነቃነቅ ከሆነ ግን ክርክሩ እዚህ ላይ ያብቃ።

ወደ በረራው እንመለስ። ወደ ሌይዝ በአውሮፕላን መሄድ ያስፈለገበት ምክንያት አለው። ሌይዝ አየር አላት፤ በአየርዋም ውስጥ ኦክሲጅን ይገኛል፤ ስለዚህ ክንፍም ሆነ የጄት ሞተር ይሠራባታል። ከእኅቶችዋ አንዷ ታይሎ በመጠን ከርቢንን ታህላለች፤ ነገር ግን ጨርሶ አየር ስለሌላት እዚያ ክንፍ የሞተ ሸክም ነው። በሮኬት የሚሄድ ሰው በየደረጃው ባዶውን በርሜል እየጣለ ይሄዳል፤ በመጨረሻ የሚመለሰው ከጣራ ክዳን የማትበልጥ ነገር ናት። የጠፈር አውሮፕላን ግን ምንም ሳትጥል እንደ ወጣች መግባት አለባት። ችግሩም ውበቱም ያለው እዚህ ላይ ነው።

አነሣሥዋ እንደ ሮኬት ሽቅብ አይደለም። ጭላት ከሜዳው ተነሥታ ቀስ በቀስ ከወጣች በኋላ፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ አንገትዋን ዝቅ አድርጋ አየሩን እየማገች ትሮጣለች። በዚህ ጊዜ ነዳጁን የሚያቃጥለው ኦክሲጅን ከውጭ የሚገባ ነው፤ አልተሸከመችውም። ፍጥነቷ በሰከንድ ከ1,400 ሜትር ሲያልፍና አየሩ ሲሳሳ፣ ራፒየር የሚባለው ሞተር አፉን ዘግቶ ወደ ሮኬትነት ይለወጣል። በከርቢን ዙሪያ ለመዞር በሰከንድ 2,280 ሜትር ያህል ፍጥነት ያስፈልጋል። ስለዚህ አብዛኛውን መንገድ የሄደችው በሰው ስንቅ ነው ማለት ይቻላል። ቸኩሎ አንገቱን ሽቅብ ያቀና አብራሪ ግን ነፃውን አየር ትቶ የራሱን ስንቅ ይበላል፤ ምሕዋር ሲገባም በጋኑ ምንም አይቀረውም።

ስንቅ ያልነው በዋዛ አይደለም። የሲራራ ነጋዴን አስቡት። አህያው ጨውም ይጫናል፣ የራሱን ገለባም ይጫናል። መንገዱ ሲረዝም ገለባው መብዛት አለበት፤ ገለባው ሲበዛ አህያው ይደክማል፤ የደከመ አህያ ደግሞ ሌላ ገለባ ይፈልጋል። የሮኬት ሕግ ይኸው ነው። ይህን በቀመር ጽፎ በ1903 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። በልጅነቱ በሕመም ምክንያት ጆሮው ስለ ደነቆረ ትምህርት ቤት መከታተል ተስኖት፣ በሞስኮ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ራሱን ያስተማረ ሰው ነው። በዚያ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ እንደኛው ክበብ ያለ ማስታወቂያ ቢለጠፍበት ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

ቀመሩን እኛም በወረቀት ሠርተነዋል። ከከርቢን ምሕዋር ተነሥቶ የጁልን መንገድ ለመያዝ በሰከንድ 2,000 ሜትር ያህል ፍጥነት መጨመር ያሻል። አውሮፕላኗ በምሕዋር ላይ 40 ቶን ብትመዝን፣ በራፒየር ሮኬት ብቻ ይህን ለማድረግ 19 ቶን ተኩል ያህል ነዳጅ ይቃጠላል። ነርቭ በሚባለው የኑክሌር ሞተር ከሆነ 9 ቶን ይበቃል። ነገር ግን ነርቭ ራሱ 3 ቶን ይመዝናል፤ ሁለት ቢሆኑ 6 ቶን ነው፤ ጉልበቱም ደካማ ስለሆነ 10 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ መግፋት ግድ ነው። ታዲያ 6 ቶን ብረት እስከ ሌይዝና እስከ መመለሻው መሸከም ይሻላል ወይስ 10 ቶን ነዳጅ መጨመር? በዚህ ጉዳይ ሁለት ሌሊት ተከራክረናል። ነርቭን የመረጥነው ለመሄጃው ሳይሆን ለመመለሻው ስንል ነው፤ ስንቅ የሚያልቀው ሁልጊዜ በመመለሻው ላይ ነውና። ይህ ክርክር ከፍልስፍና ክፍላችን ክርክር በምን እንደሚያንስ ለማወቅ እንፈልጋለን፤ እንዲያውም ይህኛው መጨረሻ አለው።

የቀረውን መንገድ በአጭሩ እንለፈው። ከከርቢን ጁል ለመድረስ በከርቢን አቆጣጠር ሁለት ዓመት ተኩል ያልፋል፤ ሲሙሌተሩ ጊዜውን ስለሚያፋጥነው ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ይደረሳል። ጭላት በታይሎ ፊት ለፊት አልፋ በስበቷ ፍጥነቷን ከቀነሰች በኋላ፣ የቀረውን በሌይዝ አየር ላይ አበረደችው። ሌይዝ አብዛኛዋ ባሕር ናት፤ ማረፊያ የሚሆን ደረቅ መሬት ከደሴት ደሴት መፈለግ ያስፈልጋል። ያረፍንበት ደሴት አሸዋማ ነው፤ ከአድማሱ በላይ ጁል አረንጓዴ ሆኖ የሰማዩን ሰፊ ክፍል ይዞ ይታያል። አንደኛው ጓደኛችን ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም።

አንባቢ ከመታለሉ በፊት ግን አንድ ነገር መናገር ይገባናል። የከርቢን መጠን የምድርን አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሥራው የቀለለውም ስለዚህ ነው። በእውነተኛዋ ምድር ዙሪያ ለመዞር በሰከንድ ወደ 7,800 ሜትር ያስፈልጋል፤ የአየርና የስበት ኪሣራ ሲጨመርበት ከ9,000 ያልፋል። በጥሩ የሃይድሮጂን ሮኬት ይህን ባንድ ደረጃ ለማድረግ ከመነሻው ክብደት ከመቶ 88 ያህሉ ነዳጅ መሆን አለበት፤ ክንፉም፣ ሞተሩም፣ ሰውም በቀረው 12 ውስጥ መግባት አለባቸው። ምንም ሳይጥል ከምድር ተነሥቶ ምሕዋር የገባ አውሮፕላን እስከ ዛሬ የለም። የአሜሪካው ስፔስ ሻትል ከ1981 እስከ 2011 ድረስ 135 ጊዜ ሲወጣ ትልቁን የነዳጅ ጋኑን በየጊዜው እየጣለ ነው፤ በ1986ና በ2003 በደረሱት አደጋዎችም 14 ሰዎች አልቀዋል። የሶቪየቱ ቡራን በ1988 አንድ ጊዜ ያለ ሰው በርሮ ቀረ። አየር እየማገ ወጥቶ ወደ ሮኬትነት የሚለወጥ ሞተር ለመሥራት የደከመው ሪአክሽን ኢንጂንስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያም በ2024 ገንዘብ አልቆበት ፈረሰ። እኛ በሲሙሌተሩ ውስጥ በአንድ ቁልፍ የምንለውጠው ሞተር፣ ለእነርሱ የሠላሳ አምስት ዓመት ድካም ነበር። ይህንን ያወቅነው ጭላትን ስለሠራን ነው እንጂ በፈተና ስለ ተጠየቅን አይደለም።

እዚህ ላይ ከክበቡ ጋር ያለንን አንድ የቆየ ቅሬታ እናንሣ። በሲሙሌተሩ ውስጥ የተደበቀ ሰሌዳ አለ፤ እርሱን ከፍቶ ነዳጅ እንዳያልቅ ማዘዝ ይቻላል። «እኛ ጁልን ከጎበኘን ቆየን» ከሚሉት የክበቡ አባላት አንዳንዶቹ የሄዱት በዚሁ ሰሌዳ ነው፤ አልሸሸጉትም። መብታቸው ነው። ነዳጅ የማያልቅበትን በረራ «ትምህርት»፣ እያንዳንዱን ቶን በወረቀት ቆጥረን ያደረግነውን በረራ «ጨዋታ» ማለት ግን ከምን የመጣ ሚዛን እንደሆነ አልገባንም።

ስለ ቃላትም የምንለው አለን፤ ይህ ደግሞ የኛው የፋኩልቲ ሥራ ነው። በረራውን ስንጀምር የምንናገረው ቋንቋ ግማሹ የባዕድ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሁሉንም በአማርኛ መጥራት ያዝን። ምሕዋር ከግዕዙ «ሖረ» የወጣ ነው፤ መሄጃ ማለት ነው። መንኰራኵርም በግዕዝ የሠረገላ እግር ነው፤ ያን ቃል ወስዶ ለጠፈር መርከብ የሰጠው ሰው ምስጋና ይገባዋል። የምሕዋርን ሁለት ጫፎች እኛ «የሩቁ ጫፍ»ና «የቅርቡ ጫፍ» እንላቸዋለን። የሳይንስ ጓደኞቻችን «ዴልታ ቪ» የሚሉትን እኛ «የፍጥነት ስንቅ» ብለነዋል፤ ፕላኔቶቹ ለጉዞ የሚመቹበትን ጊዜ ደግሞ «የመንገድ ሰዓት» ብለነዋል። ከስያሜው በኋላ አንድ የገጠር ልጅ የሆነ የአንደኛ ዓመት ተማሪ አጠገባችን ቆሞ ለአምስት ደቂቃ ከሰማ በኋላ «ታዲያ ስንቃችሁ ለመመለሻ ይበቃል?» ብሎ ጠየቀን። ከዚያ በፊት ለሳምንት ያህል ቆሞ ሲያይ አንድም ቃል አልተናገረም ነበር።

የነገሩ ሥር ወዲያ ነው። ዐሥረኛን ክፍል ስንጨርስ ተማሪው በሁለት ተከፈለ። ፊዚክስ በአንደኛው በር ገባ፤ ታሪክና ጂኦግራፊ በሌላው። አንዳንዶቻችን ወደን መረጥን፤ አንዳንዶቻችንን ውጤትና ወረፋ መረጠልን። በዚያ ዕድሜ የተዘጋ በር ለአንድ ትምህርት ክፍል ሲባል ይዘጋ እንደሆነ እንጂ፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሰማይን ቀና ብሎ እንዳያይ አይደለም። ደግሞስ የኛ ፋኩልቲ ልጅ ነገ ጋዜጠኛ ይሆናል፣ የበጀት ሹም ይሆናል፣ ሕግ አውጪ ይሆናል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ስታስወነጭፍ፣ ገንዘቡ ተገቢ ነው አይደለም እያለ በየሻይ ቤቱ የተከራከረው ሕዝብ ሁሉ መሐንዲስ አልነበረም። አንድ ኪሎ ዕቃ ምሕዋር ለማስገባት ምን ያህል ስንቅ እንደሚበላ በእጁ ሞክሮ ያየ ሰው፣ ደግፎም ሆነ ተቃውሞ፣ የተሻለ ይከራከራል።

ክበቡ ኮምፒዩተሩ አንድ ብቻ ነው፣ ሰውም ብዙ ነው ቢል እንረዳዋለን። እንግዲያው ወረፋ ይውጣ፤ ሰዓት ይመደብ፤ የሠራው ስሌት በወረቀት ያልያዘ ሰው ከየትኛውም ፋኩልቲ ይምጣ፣ ወረፋው ይተላለፍ። ይህን ደንብ ከኛ ይጀምሩት፤ ቅር አይለንም።

ጭላት አሁንም በሌይዝ ደሴት ላይ ቆማለች፤ ያለችውም በክበቡ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። በስሌታችን መሠረት ከርቢን ስትደርስ ከስንቋ የሚተርፈው ከመቶ ስድስት ብቻ ነው። ከአምስታችን ሁለቱ ይበቃል ይላሉ፤ ሁለቱ ይጠራጠራሉ፤ አምስተኛው አየሩ ቀጭን በሆነበት ከፍታ ጥቂት ደቂቃ ብንታገሥ ነዳጅ ይተርፋል የሚል አዲስ አሳብ ይዞ መጥቷል። ሐሙስ ማታ ከእራት በኋላ ወረቀታችንን ይዘን በክበቡ በር ላይ እንገኛለን። የሳይንስ ጓደኞቻችን ስሌቱን መርምረው ቢያፈርሱት በደስታ እንቀበላቸዋለን።