ስለ ሐዲድ ጠጋኝ ሠራተኞች ጉዞ

በምድር ባቡር የሚጓዝ ሰው በመስኮት አሻግሮ ተራራውንና ሜዳውን ሲመለከት፣ ከበታቹ ያለው ሐዲድ ቀንቶ መቈየቱን እንደ ተፈጥሮ ነገር አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ብረት በፀሐይ ይለጠጣል፣ በብርድ ይኰማተራል፤ ጠጠሩን ጎርፍ ይወስደዋል፤ ብሎኑም ከመንቀጥቀጥ የተነሣ ይላላል። ይህንን ሁሉ ዕለት ዕለት እየተመለከቱ የሚያበጁ ሰዎች አሉ። ድካማቸው አንዳንድ ጊዜ ይነገርላቸዋል፤ ወደ ሥራቸው ስፍራ በምን እንደሚሄዱ ግን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኛም ዛሬ ልናስታውስ የፈቀድነው ይህንኑ ነው።

ሌላው ሠራተኛ የሚሄድበት መንገድና የሚሠራበት ስፍራ ልዩ ልዩ ናቸው። ለሐዲድ ሠራተኛ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። 780 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ይህ መስመር በብዙ ስፍራ ውሃና የመኪና መንገድ በሌለበት በረሓ ያልፍ ስለ ነበረ፣ ወደ ተበላሸው ቦታ ለመድረስ ራሱን ሐዲዱን መከተል ግድ ነበር። በዚያው በአንዱ ሐዲድ ላይ ደግሞ ባቡሩ ይመጣል።

በየአገሩ የነበረው ልማድ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ሠራተኞቹ መሣሪያቸውን ተሸክመው በእግር ይሄዱ ነበር። ቀጥሎም ሰዎች እጀታውን ወደ ላይና ወደ ታች እየገፉ የሚነዷት ባለ አራት እግር ጋሪ መጣች። ፈረንሳዮች ይህችን ዐይነት ጋሪ ድሬዚን ይሏታል፤ ስሙም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1817 ባለ ሁለት እግር መሽከርከሪያ ከሠራው ከጀርመናዊው ከካርል ድራይስ የወጣ ነው። ኋላም በቤንዚን የምትንቀሳቀስ ትንሽ መኪና ተተካች። የእነዚህ ሁሉ ትልቅ ጥቅም ቀላል መሆናቸው ነበር፤ ባቡር ሲመጣ ሠራተኞቹ አንሥተው ከሐዲዱ ያወጧቸዋልና። በዛሬው ጊዜ ደግሞ በጎማው በመኪና መንገድ ሄዶ፣ የብረት እግሮቹን አውርዶ በሐዲድ የሚጓዝ ካሚዮን በብዙ አገር ይሠራበታል። እርሱ ግን በሰው ክንድ የሚነሣ አይደለም።

ፍጥነትም ተጨምሯል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ከአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ቢታይ፣ እስኪደርስ አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር ግን መንገደኛ የጫነ ባቡር በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድበት የታቀደ ነው፤ በዚህ ፍጥነት ያው አንድ ኪሎ ሜትር በ30 ሰከንድ ያልቃል። ከአዳማ ወዲያም መስመሩ አንድ ብቻ ነው። እንግዲህ ዐይንና ጆሮ ብቻውን ጠባቂ ሊሆን አይችልም።

አደጋው የሚመጣውም ከባቡር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ቲቤይ በሚባል ስፍራ፣ የካቲት 7 ቀን 1996 ዓ.ም. ጎሕ ሳይቀድ፣ ሐዲድ የተጫነበት ጋሪ ከቆመበት አምልጦ በቁልቁለቱ በመውረድ ከታች ይሠሩ የነበሩትን 4 ሰዎች ገደለ። ሞተርና መብራት የሌለው ስለ ሆነ በጨለማው ማንም አላወቀበትም። ሲመረመርም ፍሬኑ ሆን ተብሎ እንዳይሠራ የተደረገ ሆኖ ተገኘ፤ የጋሪው ባለቤትና የክሬኑ ነጂ በ1998 ዓ.ም. በእስራት ተቀጡ። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለሟቾቹ ልጆች አባት አይመልስላቸውም።

ምናልባት፣ ለእያንዳንዱ ጋሪ ፈቃድ እየተጻፈ፣ ፍሬን በየማለዳው እየተመረመረ ባቡር ሊዘገይ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ይዘገያል። ነገር ግን የዘገየ ባቡር ሲመሽም ቢሆን ይደርሳል፤ የሞተ ሠራተኛ ግን ወደ ቤቱ አይመለስም። ይልቁንም መስመሩን አሳምሮ የሚያውቅ ሠራተኛ የጠፋ እንደ ሆነ፣ ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራልና የነገውም መንገደኛ ይጐዳል።

ስለዚህ ባቡር ያለው አገር ሁሉ የሠራተኞቹን ጉዞ ከሥራው ክፍል አንዱ አድርጎ መቍጠር ይገባዋል። የጉዞውም ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ይታሰብ፤ ሰው በመሣሪያ ክምር ላይ ተንጠልጥሎ አይሂድ፤ ጣቢያው ያላወቀው ጋሪም ሐዲድ አይርገጥ፤ የወጣው ሁሉ መመለሱ ሳይረጋገጥ መስመሩ ለባቡር አይከፈት። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ይህ ሁሉ ከአደጋ በፊት ሲደረግ ዋጋው ጥቂት ነው። መንገዳችንን የሚጠብቁልንን ሰዎች በመንገዳቸው ልንጠብቃቸው ግዴታችን ነው።