ቁራሌው ሳይቀድመን

አሮጌ የኮምፒዩተር ኪቦርድ መሰብሰብ የሥራ ፈት ፈሊጥ ነው እያልን እንሥቅ ነበር። አሁን ግን ሐሳባችንን ለውጠናል።

በ1985 እ.ኤ.አ. አይ.ቢ.ኤም. «ሞዴል ኤም» የተባለውን ኪቦርድ አወጣ። ከየቁልፉ ሥር አንዲት ሞላ አለች፤ ቁልፉን ሲጫኑት ሞላዋ በድንገት ትጎብጥና ከሥሯ ያለችውን ትንሽ መዶሻ ትገፋለች፤ ቀጭ የሚለውም ድምፅ ፊደሉ መመታቱን ለጸሐፊው ይነግረዋል። ኋላ ርካሹ ላስቲክ መጣና ሞላውን ከገበያ ገፋው። ሰብሳቢዎቹ ግን ከጥራጊ መካከል እየለቀሙ፥ እያጠቡና እየጠገኑ አቆዩት፤ ዛሬም ይጻፍበታል።

የእኛስ? ፊደላችን በሰባት ቤት 231 ሲሆን፥ የጽሕፈት መኪና ቁልፍ ከ50 አይበልጥም። እነኢንጂነር አያና ብሩ የደከሙት ይህን ጥበት ለመወጣት ነው። ካልዑን ወይም ሣልሱን ለመጻፍ ግዕዙን መትቶ ቅጥል መጨመርም የመጣው ከዚሁ የተነሣ ነው። መኪናውን በጁ ያልነካ ሰው ይህን ድካም እንደ ምን ይረዳዋል? እኛ ግን አምና ከአንድ ቢሮ መጋዘን የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በኪሎ ተሽጦ ሲወጣ ባይናችን አየን፤ ዝምም አልን።

«ሕዝብ ዳቦ ሲያጣ እናንተ ስለ ብረት ትጨነቃላችሁ?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። ዳቦ ይቅደም፤ እኛም አንቃወምም። ነገር ግን የምንጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን አንድ መደርደሪያ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን መደርደሪያውን ይስጠን፤ እኛም በየቤታችን አቧራ የለበሰውን አራግፈን እናምጣ። ቁራሌው ሳይቀድመን!