ማስታወቂያው ማንን ይጠራል?
የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሥራ አስኪያጅ ሲፈልጉ የሚያወጡትን ማስታወቂያ እስቲ ልብ ብላችሁ አንብቡት፤ ማስተርስ ዲግሪ፣ የዓመታት ልምድ፣ ፕሮፖዛል የመጻፍ ችሎታ። በዚህ ሚዛን ቢመዘኑ አንቱ የምንላቸው መሥራቾች ለቃለ መጠይቅም ባልተጠሩ ነበር። ካርልሄንዝ በም በ1981 እ.ኤ.አ. «ሰዎች ለሰዎች»ን ሲመሠርቱ በ«ሲሲ» ፊልሞች የኦስትሪያን ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተወኑ የፊልም ሰው ነበሩ። ክብርት አበበች ጎበናም በ1980 እ.ኤ.አ. ለግሸን ማርያም በዓል ወሎ ሄደው ረሃቡን ሲያዩ ሁለት ሕፃናት ይዘው ቤታቸው ገቡ እንጂ ፕሮጀክት አልቀረጹም። ከሁሉ እኔን የሚያሳምነኝ ግን የዶክተር ካትሪን ሃምሊን መንገድ ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የመጡት በማህፀን ሐኪምነታቸው ነው፤ ከባለቤታቸው ጋር የፊስቱላ ሆስፒታሉን ካቋቋሙ በኋላም ወደ ቢሮ ወንበር አልሸሹም፣ እስከ እርጅናቸው ቀዶ ሕክምና ሠርተዋል። እንዲህ ያለ መሪ የትኛው ብር ለታማሚዋ እንደደረሰ፣ የትኛው ለሆቴል አዳራሽ እንደዋለ ለመለየት የሩብ ዓመት ሪፖርት አይጠብቅም። ፕሮፖዛል ጸሐፊማ ይቀጠራል፤ ገበያው ሞልቷል። ቦርዶቻችን ዲግሪውን ከማገላበጣቸው በፊት አመልካቹ ድርጅቱ የሚሠራውን ሥራ በገዛ እጁ ሠርቶት ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁልን።